«ከየት አመጣሽው?»፦ ሳቢያን የወሰድኩት የአፕቲትዩድ ኮርስ

የኮርሱን ስም አልጽፍም። ከታች የምለው ሁሉ ደስ የሚል አይደለም፣ ድሬ ደግሞ ትንሽ ናት፣ ነገ ፉል ቤት ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ሳቢያን ነው፣ ፎቅ ላይ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ነው። እንዲህ ለሥራ ቅጥር የአፕቲትዩድ (የማመዛዘን ችሎታ) ፈተና የሚያዘጋጅ ኮርስ አሁን በየፎቁ ስላለ ማን እንደሆነ ለመገመት አትድከሙ።

ለምን ገባሁ? ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። የባንክ ፈተና ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ሁለቱንም ጊዜ ወድቄያለሁ። ሒሳቡ አያስቸግረኝም፣ እንግሊዝኛውም ደህና ነኝ። የሚያስቸግረኝ ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጥተው ከሥሯ ሁለት መደምደሚያ ጽፈው «ከተባለው ነገር የሚከተለው የትኛው ነው?» የሚሏት ጥያቄ ናት። ሁለቱም እውነት ይመስሉኛል። ከዚያ ሁለቱም ውሸት ይመስሉኛል። ከዚያ ሰዓቱ ያልቃል።

ዋጋው ለስምንት ክፍለ ጊዜ 1,500 ብር ነው። ሃንዳውቱ ለብቻው 200 ብር። ይሄን ሲመዘግቡ አይነግሩህም፣ ሁለተኛው ቀን ላይ «ሃንዳውት ያልገዛችሁ» ብለው ስም ይጠራሉ።

መጥፎ መጥፎውን መጀመሪያ ላውጣው። ክፍሉ ለሃያ ሰው የሚበቃ ነው፣ እኛ አርባ አንድ ነበርን፣ ቆጥሬያለሁ። ቬንትሌተሩ አንድ ነው፣ እሱም ፊቱ ወደ አስተማሪው ነው። የድሬን የግንቦት ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ ጋደም ሲል፣ ገሚሱም በርጫው ላይ ሲሰየም፣ እኛ ላስቲክ ወንበር ላይ ተጣብቀን ሎጂክ። አቦ! ሁለተኛው ቅዳሜ ደግሞ መብራት ጠፋ። ቬንትሌተሩ ቆመ፣ አስተማሪው ግን አልቆመም። ሰውዬው ላይ ያለኝ አክብሮት የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ድሮ ሒሳብ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። የመጀመሪያው ቀን ምንም ሳይል ሰሌዳው ላይ ሦስት መስመር ጻፈ። «ዓሣ ሁሉ በራሪ ነው። ጉማሬ ዓሣ ነው። ስለዚህ ጉማሬ በራሪ ነው።» ትክክል ነው የምትሉ እጅ አውጡ አለ። ማንም አላወጣም። ሳቅን። «ሁላችሁም ተሳስታችኋል» አለን። ጉማሬ እንደማይበር እሱም ያውቃል። ጥያቄው ግን ጉማሬ ይበራል ወይ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ከተቀበልክ ሦስተኛውን እንቢ ማለት ትችላለህ ወይ ነው። አትችልም። እንግዲህ ይከተላል። ፈተናው ላይ የሚጠይቁህም ይሄንኑ ነው፤ ዓለም ላይ እውነት የሆነውን ማንም አልጠየቀህም።

ወዲያው ደግሞ ገልብጦ አመጣው። «የድሬዳዋ ሰፈሮች ሁሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው። ከዚራ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከዚራ የድሬዳዋ ሰፈር ነው።» ይከተላል? ክፍሉ በአንድ ድምፅ አዎ አለ፤ ሦስቱም መስመር እውነት ነዋ። ሰውዬው ዝም ብሎ «ከዚራ» የሚለውን አጠፋና «ጁገል» ብሎ ጻፈበት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች አሁንም እውነት ናቸው። ሦስተኛው ግን የሐረርን ጁገል የድሬ ሰፈር አደረገው። ከኋላ የተቀመጠው የሐረር ልጅ ሊነሳ ደረሰ። ይሄ ዘዴ ብቻውን የ1,500 ብሩን ግማሽ ያወጣል እላለሁ፦ የነገሩን ቅርጽ እንዳለ ትተህ ስሞቹን ትቀይራለህ፣ አንድ ቦታ ላይ መነሻዎቹ እውነት ሆነው መደምደሚያው ውሸት ከወጣ፣ ቅርጹ ራሱ የተበላሸ ነው። ከዚራ ላይ የሠራው በአጋጣሚ ነበር ማለት ነው።

ይሄ ጥበብ አዲስ አይደለም፣ አርስቶትል ከ2,300 ዓመት በፊት የጀመረው ነው። «ሁሉም ነው»፣ «አንድም አይደለም»፣ «አንዳንዱ ነው»፣ «አንዳንዱ አይደለም» በሚሉ ሁለት መነሻና አንድ መደምደሚያ ሊሠሩ የሚችሉ ቅርጾች 256 ናቸው፤ ከነዚያ የሚያስኬዱት 24 ብቻ ናቸው። የተወራለት ነገር ጭራሽ ላይኖር ይችላል ካልክ ደግሞ ወደ 15 ይወርዳሉ። «ላይኖር ይችላል» ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኩት። «የድሬዳዋ የባሕር ወደቦች ሁሉ ንጹሕ ናቸው ብልሽ ውሸታም ልትዪኝ ትችያለሽ?» አለኝ። ደረቅ ወደብ አለን፣ የባሕር የለንም፣ ቆሽሾ የተገኘም የለም፤ ውሸታም ልለው አልችልም፣ ከዚያ ተነስቼ «ንጹሕ የባሕር ወደብ አለን» ማለትም አልችልም። አሁንም ሳስበው ያስቀኛል።

አንድ ጥያቄ አለችው፣ ኮርሱ እስኪያልቅ አልተዋትም። አንድ ሰው መደምደሚያ ሲናገር «ከየት አመጣኸው?» ይላል። ጣትህን አምጥተህ ዓረፍተ ነገሩ ላይ ታሳያለህ። ካላሳየህ ከራስህ አምጥተኸዋል ማለት ነው። ብዙዎቻችን ከራሳችን ነበር የምናመጣው።

በጣም የያዘችኝ የደቻቱ ቀን ናት፤ ደቻቱ ከተማችንን የሚያቋርጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ የሆነው ወንዝ ነው። እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ተራራው ላይ ከዘነበ ደቻቱ ይሞላል።» ከዚያ አራት ሰው አስነሳ። አንደኛው፦ ተራራው ላይ ዘንቧል፣ ስለዚህ ደቻቱ ይሞላል። ይሄ ይከተላል፣ ክርክር የለውም። ሁለተኛዋ፦ ደቻቱ ሞልቷል፣ ስለዚህ ተራራው ላይ ዘንቧል። ክፍሉ አጨበጨበላት። «ከየት አመጣሽው? ዓረፍተ ነገሩ ሌላ የሚሞላው ነገር የለም አላለም» አላት። ትልቅ ቧንቧ ቢፈነዳስ? ሦስተኛው፦ ተራራው ላይ አልዘነበም፣ ስለዚህ አይሞላም። ይሄም አይከተልም፣ የሁለተኛዋ ወንድም ነው። አራተኛዋ እኔ ነበርኩ። ደቻቱ አልሞላም፣ ስለዚህ ተራራው ላይ አልዘነበም አልኩ፣ ያልኩትም ሌላ የተረፈ ስለሌለ ነው። ትክክል ሆነ። ቢዘንብ ኖሮ ይሞላ ነበራ!

ከዚያ ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ድሬ ላይ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አሸዋው ደርቆ ልጆች ኳስ እየተጫወቱበት ውሃው ከላይ ከደጋው ይወርዳል። «እዚህ አልዘነበም፣ ስለዚህ አይመጣም» የሚለው ሐሳብ እኛ ከተማ ውስጥ ሰው ያስበላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ላይ የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፣ ውሃውም ከላይ የመጣ ነበር። ለአፍታ ማንም አልተናገረም። እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ፣ የማስታውሰው እናቴ ስታለቅስ ብቻ ነው።

ሌላ ቀን አራት ካርቶን ይዞ መጣ። በአንዱ ወገን ፊደል፣ በሌላው ቁጥር አላቸው አለ። ለኛ የሚታዩት ሀ፣ ለ፣ 3 እና 7 ናቸው። ሕጉ «በአንድ ወገን ሀ ካለ በሌላው ወገን 3 አለ» የሚል ነው። ሕጉ ተጥሶ እንደሆነ ለማወቅ የትኞቹን ትገለብጣላችሁ? እኔ ሀ እና 3 አልኩ፣ አብዛኛው ሰውም እንደኔ አለ። መልሱ ሀ እና 7 ነው። 3 ኋላው ላይ ምንም ቢኖረው ሕጉን አይጥስም፤ 7 ኋላው ላይ ሀ ካለበት ግን ተጥሷል። ጥያቄው ፒተር ዌሰን የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ሰው በ1966 እንደ ፈረንጆቹ ያወጣው ነው፤ ያኔም በትክክል የመለሱት ከአሥር ሰው አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ይሄን ስሰማ ትንሽ ተጽናናሁ።

ወዲያው ደግሞ «እናንተ ትራፊክ ናችሁ» አለን። ሕጉ፦ ባጃጅ የሚነዳ መንጃ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። አራት ሰው አለ። አንዱ ባጃጅ እየነዳ ነው፣ አንዱ በእግሩ እየሄደ ነው፣ አንዱ መንጃ ፈቃዱን እያሳየ ነው፣ አንዱ መንጃ ፈቃድ የለኝም ብሏል። ማንን ትጠይቃላችሁ? አርባ አንዳችንም በአንድ ጊዜ መለስን፦ የሚነዳውንና መንጃ ፈቃድ የሌለውን። ጥያቄው ከካርቶኑ ጋር ያው ነው! አንድ ነው! ሰው የሚያጭበረብርበት ነገር ሲሆን ጭንቅላታችን ይሠራል፣ ፊደልና ቁጥር ሲሆን ይተኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከባድ ጥያቄ ሲመጣብኝ ወደ ባጃጅ እቀይረዋለሁ። ሌላ ዘዴ የለኝም።

አሁን ስለ ቋንቋው ልናገር፣ ይሄን ሌላ ኮርስ ላይ አታገኙትም። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፣ እኛ ግን በሆዳችን የምናስበው በአማርኛ ነው፣ ጣጣው የሚመጣው መሐል ላይ ነው። «ሁሉም ተፈታኞች አላለፉም» ስልህ ምን ገባህ? ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «አንድም ያለፈ የለም» ብሎ ተረዳ፣ ግማሹ «ያላለፉ አሉ» ብሎ። ሁለቱም ጥሩ አማርኛ ነው። ከአንዱ የሚከተለው ግን ከሌላው አይከተልም። ሰውዬው እንግሊዝኛውን ስትተረጉሙ ወይ «ያለፉት ሁሉም አይደሉም» በሉ፣ ወይ «አንድም አላለፈም» በሉ፣ መሐል ላይ አትቁሙ አለን። «ብቻ» የምትለዋም ቃል ሌላ ወጥመድ ናት። «ማመልከት የሚችሉት ዲግሪ ያላቸው ብቻ ናቸው» ማለት ዲግሪ ያለው ሁሉ ማመልከት ይችላል ማለት አይደለም። ስንቴ ነው በዚህ ተሳስቼ የባንክ በር ላይ የተሰለፍኩት!

ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ እስከ ዛሬ እያሰብኩበት ነው። እኛ ያደግነው በሰምና ወርቅ ነው አለ። ጎበዝ የሚባለው ያልተባለውን የሰማ ነው። ሰው «ቤትሽ ይሞቃል» ካለሽ ውሃ ፈልጎ ነው፣ ትሰጪዋለሽ፣ ካልሰጠሽው ደነዝ ነሽ። ይሄ ፈተና ግን ወርቁን የሚፈልገውን ሰው ይጥላል። እዚህ ወረቀት ላይ ሰሙን ብቻ ውሰዱ፣ ወርቁን ቤታችሁ ሂዱና ቆፍሩ አለን። እኔ ለምን እንደምወድቅ የገባኝ ያኔ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ሳነብ ጸሐፊው ምን ሊል ፈልጎ ይሆን እያልኩ ነበር የምጨነቀው።

እና ሃንዳውቱ። ኧረ ሃንዳውቱ! ከህንድ መጽሐፍ ላይ ተገልብጦ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ነገር ነው፤ ሩፒ፣ ሙምባይ፣ ክሪኬት። እሱስ ይሁን፣ ጉማሬም በሯል። ችግሩ የመልስ ቁልፉ ነው። ገጽ 31፣ ጥያቄ 14 ተመልከቱ። መነሻው፦ አንዳንድ አስተማሪዎች ዘፋኞች ናቸው። መደምደሚያ አንድ፦ አንዳንድ ዘፋኞች አስተማሪዎች ናቸው። መደምደሚያ ሁለት፦ አንዳንድ አስተማሪዎች ዘፋኞች አይደሉም። ቁልፉ «ሁለቱም ይከተላሉ» ይላል። አይከተሉም! የመጀመሪያው ብቻ ነው የሚከተለው። «አንዳንድ» እዚህ ፈተና ላይ «ቢያንስ አንድ» ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ከሳህን ሙሉ ሳምቡሳ ሦስት ቀምሼ «አንዳንዱ ጨው በዝቶበታል» ብል እውነቴን ነው። የቀረውን ግን አልቀመስኩትም፣ ሁሉም ጨው የበዛበት ሊሆን ይችላል። ጨው ያልበዛበት አለ አላልኩም። እርግጥ ቤት ውስጥ እንዲህ ብል እናቴ የቀሩት ደህና ናቸው ብላ ትረዳለች፣ ትክክልም ናት፣ ወሬ ላይ እንደዚያ ነው የምንግባባው። ፈተና ላይ ግን ያ ወርቁ ነው።

አስተማሪው ራሱ ሰሌዳው ላይ ሁለት ክብ ሥሎ ቁልፉ ስህተት መሆኑን አሳየን። ታዲያ ለምን አይታረምም? እኔ ሦስት እንዲህ ያለ ስህተት ለይቼ፣ ገጹን ጽፌ ለመዝጋቢዋ ልጅ ሰጠኋት። «እሺ እህቴ፣ እንነግራቸዋለን» አለችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲስ ኮፒ መጣ። ያው ስህተት፣ ያው 200 ብር።

አስተማሪውም እንከን የለውም ማለት አይደለም። «ከሁለቱ አንዱ» የሚለውን መልስ መቼ እንደምንመርጥ በአምስት ደቂቃ ሮጦበት አለፈ፣ እኔ ቤቴ ሄጄ ነው የገባኝ፦ ሁለቱ መደምደሚያዎች ለየብቻ ካልተከተሉ፣ ግን አንዱ የግድ ሌላውን የሚክድ ከሆነ፣ ማለትም «አንዳንዱ ነው» እና «አንዱም አይደለም» ዓይነት ጥንድ ከሆኑ፣ ከሁለቱ አንዱ እውነት ከመሆን አያመልጥም። ከዚህ የባሰው ደግሞ መደምደሚያንና ግምትን መለየቱ ላይ ነው። «ድርጅቱ ከዚህ ወር ጀምሮ የሚያረፍድ ሠራተኛ ደሞዝ ይቆረጥበታል አለ» ከተባለ፣ የሚያረፍዱ ሠራተኞች አሉ ወይም ሊኖሩ ይችላሉ የሚለው ድርጅቱ ልቡ ውስጥ የያዘው ግምት ነው። ከእንግዲህ ማንም አያረፍድም የሚለው ደግሞ ከየትም አልመጣም። ፈተናዎቹ ሁለቱን እያቀላቀሉ ይጠይቃሉ። ሙሉ አንድ ክፍለ ጊዜ ይገባው ነበር። ያገኘው ግን የመጨረሻውን ቀን የመጨረሻ ሩብ ሰዓት ነው፣ ያኔ ደግሞ ግማሹ ሰው ባጃጅ ፍለጋ ወጥቷል።

ደረጃው ላይ ስለተሰቀለው ባነር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። «ከእኛ ጋር የተማረ ያልፋል!» ይላል። ከሥሩ «ከ100 በላይ ተማሪዎቻችን ባንክ ተቀጥረዋል»። ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እሱን ሳናይ ማለፍ አልቻልንም። መቶው ከስንት ነው? ከመቶ ሃያ ነው ከሁለት ሺህ? ባይማሩስ ኖሮ አያልፉም ነበር? የላይኛው መስመር ደግሞ የደቻቱ ጥያቄ ነው፦ እኔ ብቻዬን ብወድቅ ባነሩ ውሸት ይሆናል፣ ባልፍ ግን እነሱ ናቸው ያሳለፉኝ ማለት አይከተልም። አንዱ ልጅ ለአስተማሪው «ቲቸር፣ ባነሩ ይከተላል?» አለው። ሰውዬው ሳቀና «ባነሩን እኔ አልጻፍኩትም» አለ።

እናቴ ግን ባነሩን አምናለች። ኮርሱን የጨረስኩ ቀን «ይኸው ተማርሽ፣ እንግዲህ ታልፊያለሽ» አለችኝ። «እማዬ፣ ከየት አመጣሽው?» ብላት «ከከፈልኩት ብር!» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልተማርኩም።

እንግዲህ ሂዱ ወይስ አትሂዱ? ለሰውዬው ስል ሂዱ እላለሁ። ፎጣና ውሃ ያዙ። ከስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ድረሱና ከቬንትሌተሩ ፊት የመጀመሪያውን ረድፍ ግራውን ጥግ ያዙ፣ ሌላ ቦታ ንፋስ የለም። ሃንዳውቱን ግን አትግዙ፣ ከተማረ ሰው ተዋሱ። የኔ ኮፒ አሁን የአክስቴ ልጅ ጋ ነው። ገጽ 31 ላይ መልሱን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ከሥሩ በእርሳስ «ከየት አመጣሽው?» ብሎ ጽፎበታል።